ከአሥራ አንድ ተኩል እስከ አምስት ተኩል

ነጠላ ሰረዝ እንኳ የማትዘል ሴት አንዲትን ቃል ሃያ ስድስት ቀን በተከታታይ እንዴት ዘለለቻት? ለዚህ ጥያቄ መልስ ያገኘ ሰው አምቦ ውስጥ የለም። ባየሽ ፈይሳ ራሷ ስትጠየቅ ጥቂት ታስብና «እንጃ፤ ሁሉም የሚያውቀው መስሎኝ ይሆናል» ትላለች። መልሱ ግን ለራሷም እንደማይበቃት ከፊቷ ይታወቃል።

የዘለለቻት ቃል «ከንጋቱ» የምትለዋ ናት።

ባየሽ የተወለደችው እንጭኒ፣ ከወንጌላውያን ቤተሰብ ነው። አባቷ ገበሬ ቢሆኑም ፊደል የቆጠሩ ነበሩ። ልጃቸው የጻፈችውን ሁሉ እየተቀበሉ ያያሉ፤ ስርዝ ድልዝ ካገኙበት ወረቀቱን ይመልሱና «እንደገና» ይላሉ። በዚህ አድጋ አምቦ ወረደች፤ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሳ በአንድ የአውራጃ መሥሪያ ቤት ተርጓሚ ሆነች። የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ስለ ድንበርና ስለ ይዞታ የሚመጣው አቤቱታ እንደ ክረምት ደራሽ ነበር። የየቀበሌው ጸሐፊ የገበሬውን ቃል እንደወረደ፣ በኦሮምኛ፣ በግዕዝ ፊደል ይይዘዋል፤ ባየሽ ወደ አማርኛ ትመልሰዋለች። ከሷ እጅ የወጣ ወረቀት ተመልሶ መጥቶ አያውቅም።

ኑሮዋን የገለበጠው አንድ የጭነት መኪና ነው። ባሏ ኦልጅራ እጃጂ ከተማ ያስተምር ነበር። አንድ ቅዳሜ ወደ አምቦ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ እሱ በነፍሱ ቢተርፍም ከወገቡ በታች ደነዘዘ። ከሐኪም ቤት ሲወጣ አስታማሚው ነርስ ለባየሽ ያስጠናት አንድ ነገር ነበር፤ በየሦስት ሰዓቱ አገላብጪው። አንድ ጎኑ ላይ ከቆየ ይቆስላል፤ ከቆሰለ ደግሞ ቁስሉ እስከ አጥንት ይወርዳል። «ጎኑን ከጠበቅሽ ባልሽን ጠበቅሽ» አላት።

ጎረቤቷ ወርቅቱ ጠዋት ጠዋት ቤት ትውላለች፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ግን ትምህርት ቤት ልታጸዳ ትሄዳለች። ስለዚህ ጠዋት ኦልጅራን የሚያይ አለ፤ ከሰዓት በኋላ የለም። ባየሽ ይህን ለአለቃዋ ለኦቦ ፈየራ ስትነግራቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሰሟት።

«አቤቱታ የሚተረጎመው በጭንቅላት ነው፤ በሰዓት አይደለም» አሉ። «ሰዓት እላፊው እንደተነሳ፣ ዶሮ ሲጮህ ግቢ። ስድስት ሰዓት ሙሉ እዚህ ሥሪ፤ የቀረውን ቤትሽ ወስደሽ ጨርሺ። ብቻ መዝገቡ ላይ የገባሽበትንና የወጣሽበትን ቁርጥ ሰዓት ጻፊ። ሐሰት አልወድም።»

ደብዳቤ ግን አልጻፉላትም። ደብዳቤ ቢጻፍ ግልባጭ ይጠየቃል፤ ግልባጩን ያየ ሁሉ «ለምን ለሷ ብቻ?» ይላል። በቃል የተፈቀደው በቃል ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ባየሽ በየቀኑ አሥራ አንድ ተኩል ላይ፣ ገና ወገግ ሳይል፣ የመሥሪያ ቤቱን በር ታንኳኳለች። ዘበኛው ዲንሳ ካፖርቱን እንደተከናነበ ይከፍትላታል።

«አዴ ባየሽ፣ ዶሮው ዛሬም ካንቺ ዘግይቷል። ማስጠንቀቂያ ይጻፍበት እንጂ!»

«ለመጀመሪያ ጊዜ በቃል ይበቃዋል» ትለዋለች።

እሷ ስትገባ ዲንሳ ይወጣል። ይህን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። እስከ ሁለት ተኩል መጠበቅ ሲገባው በሩን ከውስጥ አስቆልፏት ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ ወዳለው ቤቱ ይሻገራል፤ ላሙን አልቦ፣ ልጆቹን አይቶ፣ ሠራተኛው ሳይመጣ ይመለሳል። ባየሽ ከፍታ ታስገባዋለች። ለማንም አልተናገረችም። ለሷ ሰዓቷ እንደተተወላት የሱም ቢተውለት ምን ይጎዳል ብላ ነው።

ምክትል ኃላፊው አቶ ደግፌ ግን ነገሩን አልወደዱትም። ሁለት ተኩል ላይ ሲገቡ ግማሽ ሥራዋን ጨርሳ ያገኟታል፤ አምስት ተኩል ላይ ቦርሳዋን ስታነሳ ደግሞ ጎሮሯቸውን ይጠርጋሉ። «የሌሊት ወፋችን በረረች» ይላሉ። ቢሮው ይስቃል፤ ባየሽም አብራ ትስቅ ነበር።

በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ታኅሣሥ ውስጥ፣ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ከገበያው እስከ መኪና ማቆሚያው ባሉ የመብራት ምሰሶዎች ላይ ወረቀት ተለጥፎ ተገኘ። በታይፕ ተመትቶ በማባዣ የታተመ የተቃዋሚዎች ወረቀት ነው። ያነበበው ሰው አላነበብኩም አለ፤ ያላነበበውም እንዳያስጠረጥረው ዓይኑን ሰብሮ አለፈ። ከቀትር በፊት ከመንገድ ዳር ሦስት ወጣቶች ተወሰዱ። ማታውን፣ ማባዣ ያለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ የሠራተኞቹን የመግቢያና የመውጫ መዝገብ ለምርመራ እንዲያቀርብ ታዘዘ።

የባየሽ ጠረጴዛ ከማባዣው ክፍል ጋር በግድግዳ ይዋሰናል። የክፍሉ ቁልፍ የሚሰቀለውም ከወንበሯ ኋላ ባለው ምስማር ላይ ነው።

ረቡዕ አምስት ሰዓት ላይ አቶ ደግፌ ጠሯት። ኦቦ ፈየራ በሥራ ጉዳይ ባኮ ከወረዱ ሁለት ሳምንት ሆኗቸው ስለነበር ወንበራቸው ላይ የተቀመጡት አቶ ደግፌ ናቸው። መዝገቡ ፊታቸው ተዘርግቷል።

«ወይዘሮ ባየሽ፣ እስቲ ይህን አንብቢልኝ።»

«የኔ ስም ነው።»

«ስምሽን አውቃለሁ። ሰዓቱን።»

«አሥራ አንድ ተኩል፤ አምስት ተኩል።»

«የቱ አሥራ አንድ ተኩል?»

ሳቋ መጣ። «የቱ ይሆናል? የጧቱ ነዋ!»

«የት ላይ ተጽፏል?»

ባየሽ ጎንበስ ብላ አየች። በዚያ መሥሪያ ቤት ጧት ወይም ማታ ብሎ የሚጽፍ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ሁሉም ሁለት ተኩል ይገባል፣ አሥራ አንድ ተኩል ይወጣል፤ ባዶ ቁጥሩ ይበቃል። እሷም የወሩን ሃያ ስድስት የሥራ ቀን ባዶ ቁጥር ስትጽፍ ከርማለች።

አቶ ደግፌ ጣታቸውን ከመስመር ወደ መስመር ወሰዱ። «ከላይሽ እኔ፤ ሁለት ተኩል፣ አሥራ አንድ ተኩል። ከሥርሽ ሌላው፤ ሁለት ተኩል፣ አሥራ አንድ ተኩል። መካከል ላይ አንቺ። የማያውቅሽ ሰው ምን ብሎ ያነበዋል? እኛ ስንወጣ ገባች። ሦስት ሰዓት ላይ ሰዓት እላፊ ሲጀምር ማባዣው አጠገብ ነበረች። እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ወጣች። ሃያ ስድስት ሌሊት!»

ባየሽ መዝገቡን ወደ ራሷ ሳበችው። አቶ ደግፌ እንዳሉት በማያውቃት ሰው ዓይን ደግማ ብታየው እንደተባለው ሆኖ ታያት፤ የገዛ ጽሑፏ የሌላ ሰው ወንጀል መሰላት።

«ኦቦ ፈየራ ያውቃሉ። ይደወልላቸው።»

«ስልኩ ከሰኞ ጀምሮ አይሠራም።»

አቶ ደግፌ የቀለሙን ብልቃጥ ወደሷ ገፋ አደረጉ። ብዕሩን ከጎኑ አኖሩ። «እኔ ጥቂት ወጣ ልበል» አሉ ወደ በሩ እያዩ። «ሰው ቃል ይረሳል። የረሳውን ሲያሟላ ቆሜ ማየት የለብኝም።» ወጡ፤ በሩንም በቀስታ ዘጉት።

ደግነት ይሁን ወጥመድ አላወቀችም። ብዕሩን አነሳች። «ከንጋቱ»፤ አራት ፊደል። በሃያ ስድስት መስመር ላይ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ጫፉን ስታስጠጋ የቀለም ጠብታ ወርዶ «11» ላይ አረፈና ተሰራጨ። በመምጠጫ ወረቀት ስትነካው ይብስ ሰፋ። በሕይወቷ መዝገብ አቆሽሻ አታውቅም። ብዕሩን አስቀምጣ ሁለት እጇን ጭኗ መካከል ከታ ተቀመጠች። አቶ ደግፌ ሲመለሱ ጠብታውን አዩትና መዝገቡን ዘጉት።

ማታ ለኦልጅራ ነገረችው።

«ቢወስዱሽ መቼ ይመልሱሻል?» አላት።

«የወሰዱትን ሁሉ መች ይመልሳሉ?»

«እንግዲያው ከአልጋው ራስጌ ገመድ እሰሪልኝ፤ እየጎተትኩ እገላበጣለሁ።»

አሰረችለት። ያዘውና ጎተተ፤ ትከሻው ዞረ፤ ወገቡ ግን እንደ ድንጋይ ባለበት ቀረ። ደግሞ ሞከረ። ላቡ እስኪወርድ ከታገለ በኋላ ሳቀ። «በሬ ሆኜ መጎተቱን ችያለሁ፤ ሞፈሩ ነው እምቢ ያለኝ።» ባየሽ ላቡን በነጠላዋ ጠረገችለት። ያን ሌሊት ሦስት ጊዜ አገላበጠችው፤ በመካከሉ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ትንፋሿን ይዛ እስኪያልፍ ትጠብቃለች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰባት ተኩል ላይ ቢሮ እንድትገኝ ታዘዘች። ከመሄዷ በፊት ኦልጅራን በግራ ጎኑ አስተኛችው። ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መዞር አለበት። ወርቅቱ ነጠላዋን እየተከናነበች «ባዩ፣ እኔም መቅረት አልችልም፤ ቀሪ ሦስቴ ከሆነ ያባርሩኛል» አለቻት።

«ሂጂ። እደርሳለሁ።»

መርማሪው ግን ሰባት ተኩል ላይ አልመጣም። ስምንት ሰዓትም አልፎ ስምንት ተኩል ሲሆን ሁለት ታጣቂ አስከትሎ ደረሰ። ከሌላ ክፍለ ሀገር በዝውውር የመጣ ቀጭን ሰው ነው፤ አማርኛው ፈጣን፣ ኦሮምኛ ከነአካቴው የለውም። መዝገቡን አገላብጦ የባየሽ ስም ላይ ቆመ። የቀለሙን ጠብታ በጣቱ ዳሰሰ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ትናንት ቃል ልጨምርበት ስል ፈሰሰብኝ።»

አቶ ደግፌ ወንበራቸው ላይ ተንቀሳቀሱ።

«ምን ቃል?»

«ከንጋቱ የሚል።»

«ለምን አልጨመርሽም?»

«ፈራሁ።»

መርማሪው ቀና ብሎ አያት። «እኔ የማነበው የተጻፈውን ነው። ከአሥራ አንድ ተኩል እስከ አምስት ተኩል ይላል። ሌሊት መብራት በርቶ ያየ ሰው አለ።» ወደ አቶ ደግፌ ዞረ። «እርስዎ ምን ያውቃሉ?»

«እኛማ ... ያው የሌሊት ወፍ ነው የምንላት» አሉ አቶ ደግፌ፤ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ደነገጡ። «ለቀልድ ነው! ለቀልድ ነው ጓድ!»

«የሌሊት ወፍ» እያለ መርማሪው ጻፈ።

ባየሽ ብዕሩን ስትከተል ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ስሟ ሳይሆን ፍርዷ መሰላት። የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ከሩብ ይላል። ኦልጅራ በግራ ጎኑ ነው።

«ዘበኛው ያውቃል» አለች። «በየቀኑ የሚከፍትልኝ ዲንሳ ነው።»

ዲንሳ ተጠራ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ በሁለት እጁ ጨብጦ ቆመ። ከሠራተኛው ጋር ሲቀልድ አማርኛው አያንሰውም፤ ሲፈራ ግን ከነአካቴው ይጠፋበታል። መርማሪው «ይህች ሴት እዚህ ቤት በስንት ሰዓት ነው የምትገባው?» ሲለው ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በኦሮምኛ ዝቅ ብሎ ተናገረ።

«አኒ ሂን አርጊኔ።»

መርማሪው አቶ ደግፌን አያቸው።

«እኔ ኦሮምኛ እሰማለሁ እንጂ አልተረጉምም» አሉ አቶ ደግፌ ቶሎ ብለው።

«ታዲያ የመሥሪያ ቤቱ ተርጓሚ ማን ነው?»

ሁሉም ባየሽን አዩ።

ዲንሳ ለምን እንደዋሸ ገብቷታል። «እከፍትላታለሁ» ቢል ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ከዚያ እስከ ሁለት ተኩል አንተ የት ነበርክ?» ነው። ወረቀት የተለጠፈ ዕለት ጎህ ሳይቀድ በሁሉቃ ድልድይ የተሻገረ ዘበኛ ምን እንደሚባል ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም። የዲንሳን ልጆች አሰበች። የራሷንም ቤት አሰበች።

«ምን አለ?» አላት መርማሪው።

አሥር ዓመት ያህል የሰው ቃል ስትመልስ አንዲት ፊደል አዛብታ አታውቅም። «'እኔ አላየሁም' ይላል» አለች።

ዲንሳ ቃሉን በአማርኛ፣ በሷ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ ሲወጣ ሰማው። ባርኔጣውን አንዴ አዞረው። ዓይኑ መሬት ላይ ነበር፤ አነሳውና ወደ ባየሽ አየ፤ ከዚያ እንደገና ተናገረ፤ አሁን ድምፁ ከፍ ብሏል።

«ሶቤ። ገነማ ዱፍቲ። ኢሼን ዬሮ ዱፍቱ አኒ ናን ገላ።»

«ምን አለ?»

«'ዋሽቻለሁ' ይላል። 'ጧት ነው የምትመጣው' ይላል። 'እሷ ስትመጣ እኔ ...'»

እዚህ ላይ ቆመች። «ገላ» ያለው ቃል በኦሮምኛ ወደ ቤት መሄድም፣ ወደ ውስጥ መግባትም ነው። ዲንሳ የትኛውን እንዳለ ታውቃለች። መርማሪው የማያውቀው ሁለት መንገድ ከፊቷ ተከፈተ፤ በአንዱ ዲንሳ ይታሰራል።

«'እሷ ስትመጣ እኔ እገባለሁ' ይላል» አለች።

ሐሰት አልነበረም። የአማርኛውም ቃል ሁለቱንም ይሸከማል። መርማሪው ግን ቀና ሳይል፣ እያጉተመተመ፣ «ሴትዮዋ ስትመጣ ወደ ዘበኛ ቤቱ ይገባል» ብሎ ጻፈ። ባየሽ «ወደ ዘበኛ ቤቱ» የሚለው ሲጻፍ አየች። አላለም ማለት ነበረባት። ዝም አለች።

«እንዲህ ነው ያለው?» አላቸው መርማሪው አቶ ደግፌን።

የአቶ ደግፌ ግንባር ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ኦሮምኛ እሰማለሁ ያሉት እውነታቸውን ነው፤ ዲንሳ ያለውን ሰምተዋል። ባየሽን አዩ፤ ዲንሳን አዩ፤ በመስኮቱ ወደ ታጣቂዎቹ አዩ።

«እንግዲህ ... ተርጓሚዋ እሷ ናት» አሉ።

መርማሪው መዝገቡን ዘጋው። «ይህን ይዤ እሄዳለሁ። የዘበኛውን ቃል ከሌላ ምስክር ጋር አስተያያለሁ። እናንተም ከቤታችሁ እንዳትርቁ። ከነገ ጀምሮ ደግሞ ሁሉም ሁለት ተኩል ይገባል፣ አሥራ አንድ ተኩል ይወጣል። ለማንም ልዩ ሰዓት የለም።»

አሥር ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ባየሽ ከበሩ እስክትርቅ በእርጋታ ተራመደች፤ ከዚያ ነጠላዋ እስኪወድቅ ሮጠች። ኦልጅራ በግራ ጎኑ እንደተኛ ነው፤ ገመዱን በሁለት እጁ ይዞ፣ መዳፉ ተልጦ። አገላብጣ ስታየው ዳሌው ላይ የበርበሬ ያህል የቀላ ቦታ አለ፤ ቆዳው ግን አልተቀደደም።

«ለቀቁሽ?» አላት።

«ለጊዜው። ምን እንደሚያደርጉኝ ገና አያውቁትም።»

ሐሙስ ሌሊት አልተኛችም። ዓርብ በአዲሱ ሰዓት ገባች። የምሳ ሰዓት ሲሆን እየሮጠች ሄዳ ኦልጅራን አገላብጣ፣ ጉርሻ ሳትቀምስ ተመለሰች። ዲንሳ በሩ ላይ ጠበቃት፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአማርኛ ጠየቃት።

«አዴ ባየሽ፣ ምን አልሽው?»

«ያልከውን።»

«ያልኩትን? ታዲያ ለምን አልወሰደኝም?»

«ዲንሳ፣ ሰው ቢጠይቅህ አሁንም ያልከውን በል። ቃሉን አትለውጥ። ኦሮምኛውን እንዳለ በል።»

ትንሽ ቆይቶ ገባው። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ሊሰግድላት መስሏት ትታው ገባች፤ ሰው እንዳያያቸው ፈርታ።

ከአቶ ደግፌ አፍ ቀኑን ሙሉ የሌሊት ወፍ የሚል ቃል አልወጣም። ወደ በሩ በተመለከቱ ቁጥር ባየሽ ከማዶ ታያቸዋለች፤ አሁን ሄደው ይነግሩ ይሆን ትላለች። አንዴ ቆመው ካፖርታቸውን ለበሱ፤ ባየሽ ብዕሯን አስቀመጠች። ሽንት ቤት ሄደው ተመለሱ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ አቤቱታ ላይ «ድንበር» ብላ በመጻፍ ፈንታ «ዘበኛ» ብላ ጻፈችና ወረቀቱን ቀደደች።

ዓርብ ሌሊትም ዓይኗ አልተከደነም። በሐሳቧ መርማሪው አንድ ኦሮምኛ አዋቂ ከጎኑ ያስቀምጣል፤ «ገላ ማለት ምንድን ነው?» ይለዋል፤ ያም ሰው ይመልሳል። ይህን ነገር እስኪነጋ ሃምሳ ጊዜ ያህል አየችው። ኦልጅራ በጨለማው ውስጥ እጇን ይዞ ዝቅ ባለ ድምፅ ጸለየ፤ እሷ አሜን ማለት ረሳች።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል አንድ ታጣቂ መጥቶ አቶ ደግፌ ጠረጴዛ ላይ መዝገቡን ወርወር አድርጎ ሄደ። አቶ ደግፌ አልነኩትም፤ ባየሽን በዓይናቸው ጠሯት። ተጠግታ ገለጠችው። ከጠብታው ጎን ሐምራዊ ማኅተም ተመትቷል፤ «ታይቷል» ይላል፤ ከሥሩ ፊርማ። ወረቀቱን የበተኑት ሌላ ቦታ ተገኙ ይባል እንጂ ማን እንደሆኑ፣ ምን እንደደረሰባቸው የሚናገር አልነበረም፤ የሚጠይቅም አልነበረም። መርማሪው ወደ ሌላ ከተማ ተጠርቶ መሄዱን አቶ ደግፌ ነገሯት። ይህን ብለው በረዥሙ ተነፈሱ፤ እሳቸውም ሁለት ሌሊት እንዳልተኙ ያን ጊዜ አወቀች።

ቤቷ ስትደርስ ኦልጅራን ወደ ቀኝ ጎኑ አዞረችው፤ ጫማዋን ሳታወልቅ እግርጌው ላይ ጋደም አለች። «ባዩ፣ ነገሩ አለቀ?» ሲላት «ታይቷል ይላል» አለችው፤ ሌላም ልትጨምር ስትል ቃሉ አፏ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰዳት። ኦልጅራ መቼ እንደሚቀሰቅሳት ለማወቅ የግድግዳውን ሰዓት አየ፤ ቅዳሜ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነበር።